ከአጥንት የተመለሰው ዓሣ

ፊልም ሲያዩ ታሪኩን ትተው ስህተት የሚለቅሙ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ አቶ ዱካለ የእነሱ አለቃ ናቸው። ተዋናይዋ አምርራ ስታለቅስ፣ «ቅድም ሻርፑ በግራ ትከሻዋ ነበር!» ብለው ይጮኻሉ። ከእሳቸው ጋር ሆኖ ማን ያለቅሳል?

ባለፈው እሑድ ልጃቸው ምሕረት ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል የቀረጸችውን የመጀመሪያ ፊልሟን ቤታቸው ልታሳየን ጠራችን። ገና ሳይጀምር በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ አባባ ዓሣውን ካዩ አለቀልኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደ ሩቅ አገር ከምትሄድ ልጁ ጋር የመጨረሻ ምሳውን ይበላል። ካሜራው ቦታ ሲቀይር አንድ አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ አሞራ፣ ተበልቶ አጥንቱ የቀረውን ዓሣ ከሳህኑ ላፍ አድርጎ ሄደ። ሌላ ገዝተው ቀረጻውን ቀጠሉ። ስለዚህ ፊልሙ ላይ አጥንቱ ብቻ የቀረው ዓሣ ወዲያው ሙሉ ሆኖ ይመጣል።

ቦታው ደረሰ። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ተመለሰ። ወደ አቶ ዱካለ ዞር ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

ሲያልቅ ምሕረት አላስቻላትም። «አባባ፣ ዓሣውን አላዩትም?»

«የቱን ዓሣ?» አሉ ተቆጥተው። «ሰው ልጁን ሲሰናበት ዓሣ ይታያል እንዴ?»

እኔና ምሕረት እፎይ አልን። ለባለሻርፗ ተዋናይ እንዳላለቅስላት የከለከሉኝ እኮ እኚሁ ሰውዬ ናቸው!