ፊታውራሪ ቡሽ

መራጭ ሰው የሌለበት አገር የለም። ቡራዩም ሂዱ፣ ሱሉልታ ብርዱ ውስጥም ግቡ፣ አንድ አታጡም። ዶሮ ሊገዛ ደረቷን ዳብሶ፣ ክንፏን ገልጦ፣ ዓይን ዓይኗን አይቶ፣ ሲያበቃ «እስቲ ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ የሚሄድ። እኛ ሰበታ ያሉት ግን የመራጮች ሁሉ አለቃ ናቸው። አቶ ዓባይነህ ቡሽ ይመርጣሉ።

የጠርሙስ መድፈኛውን ቡሽ ነው የምላችሁ።

ጓሯቸው ጣሊያን ተክሎት የሄደ የወይን ሐረግ አለ፤ በየዓመቱ ከሱ የወይን ጠጅ ይጥላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ማሰሮውን በበቆሎ ቆሮቆንዳና በጨርቅ ወትፎ ይተኛል። እሳቸው ጠርሙስ ካልሆነ አይሉም። ጠርሙስ ደግሞ ቡሽ ይፈልጋል፣ ቡሽ ያለው ከድሩ ሱቅ ነው። ከድሩ ሶላቱን የማያጓድል፣ መጠጥ በደጁ የማያሳልፍ ሰው ነው። ቡሽ ግን ለዘይትም ለማርም ይሆናል ብሎ ከመርካቶ በጆንያ ያመጣል።

እኔ ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ነው የምውለው። ፀሐዩንም ወሬውንም እሞቃለሁ።

እና ይመጣሉ። ጆንያውን ያስዘረግፉታል። አንዱን ቡሽ ያነሳሉ፣ ባውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል፣ ያሸቱታል፣ ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል፣ ምን እንደሚነግራቸው እንጃ። ከዚያ በቀሩት ጥርሶቻቸው ነከስ። «ይሄ ይተነፍሳል» ብለው ይጥሉታል። «ይሄ ሻጋታ ነክቶታል።» «ይሄ ወገቡ ቀጥኗል።» ችሎት የተቀመጠ ዳኛ ነው የሚመስሉት። ከድሩ ሰግዶ ይመለሳል፣ እሳቸው እዚያው ናቸው። ሲመሽ እፍኝ የማይሞላ ቡሽ በመሐረብ ቋጥረው ይሄዳሉ፤ በነጋታው ደግሞ ግማሹን ይዘው ይመጣሉ፣ አልተስማማኝም ብለው።

ፊታውራሪ ቡሽ ብዬ የሾምኳቸው እኔ ነኝ። ጃንሆይ ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

አንድ ቀን ወተት የምታመላልሰው ደራርቱ ቅሏን አውርዳ፣ «አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ» ብላ እጅ ነሳቻቸውና፣ «ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነበር?» አለቻቸው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔማ ጥርስ ስለሌለኝ በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የሳቅሁት።

«እሷ ናት የመረጠችኝ» አሉና ወደ ቡሻቸው ተመለሱ።

ሳቁ ጠፋ። ሚስታቸውን ስንዱን የቀበርናት አምና ሰኔ፣ ዝናቡ ላይ ነው። ትዝ አለኝ፣ እሷ በነበረች ጊዜ ሰውዬው ቡሽ በኪሳቸው ዘግነው እየሮጡ ነበር የሚመለሱት። ቤታቸው እንግዳ አይጠፋም፤ ስንዱ መንገደኛ ጎትታ የምታስገባ ሴት ነበረች። አሁን ያ ቤት ደጁ ሲከፈትም አይሰማ።

ሰው ሲበተን ጠጋ አልኩና፣ «አንቱ ሰው፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ ምርጫ? ጠጅ እኮ ነው፣ ታቦት አይደል» አልኳቸው።

«ዘንድሮ የሚጠጣው ሰው የለም፣ እሜቴ ማሪቱ። ሰው እስኪመጣ ሳይበላሽ መቆየት አለበት።»

ማን እንደሚመጣ ብጠይቃቸው ሌላ ቡሽ አንስተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

እኔ ደግሞ አንዴ የሰማሁት ነገር አያስተኛኝም። ለኅዳር ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬን ወደሳቸው ደጅ አዞርኩት። ወሬ ፍለጋ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ልጆቼ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ የኔም ቤት በዓል በዓል አይልም፤ እሱን ግን ተዉት።

ሲያዩኝ የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው። በርጩማውን ጠረጉ፣ ገልብጠው ደግሞ ጠረጉ። ጠርሙሶቹ ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ክቡር ዘበኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለምን እንዳቆሟቸው ብጠይቅ፣ ጠጁ ቡሹን ከነካ ይሸታል አሉ። አንዱን መርጠው፣ እሱን መልሰው፣ ሌላ መርጠው ከፈቱ። ያ ስንት ጊዜ የተነከሰ ቡሽ ደርቆ እንደ ቆሎ ገለባ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ።

ደንቡ እንደሚያዘው መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ለእንግዳ ሳይቀምሱ አይቀዳም። እሳቸው ሳይውጡት ሽታው እኔ ዘንድ ደርሷል። ሆምጣጤ ነው፣ ጥርት ያለ ሆምጣጤ።

መዳፋቸውን አዩት። ከዚያ ጠርሙሱን ሊያስቀምጡ ጎንበስ አሉ።

«ተበላሽቷል፣ እሜቴ። በከንቱ አደከምኩዎ።»

ብርጭቆዬን ዘረጋሁ። «ይቅዱ እንጂ። ደጅ ያስጠኑኛል እንዴ?»

«ሆምጣጤ እኮ ነው።»

«ስንዱ የሰው ብርጭቆ ባዶ ትመልስ ነበር?»

ቀዱልኝ። ለራሳቸውም ቀዱ። አፋችን እስኪኮማተር ጠጣን። በመሐል ስለ ስንዱ ማውራት ጀመሩ፤ እንዴት እንደመረጠቻቸው፣ ሰርግ ቤት ከጓደኞቻቸው መሐል በጣቷ ጠቁማ «ያ አፍንጫው ትልቁ ይሁንልኝ» እንዳለች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላቆሙም። ስነሳ አንድ ጠርሙስ አንስተው ብርሃን ላይ አዩና፣ የሱ ቡሽ አስተማማኝ ነው፣ እሑድ ብቅ ይበሉ አሉኝ።

እሑድ ሄድኩ። ሆምጣጤ። የሚቀጥለውም እሑድ ሆምጣጤ። ማሪቱ በስተርጅና ጠጪ ሆነች ተብሎ ሰፈሩ ያማኛል። ያማኝ፤ ስንት ዘመን ሳማው ኖሬ የለ።

አንድ ነገር ግን አለ። ለከድሩ መርካቶ ቡሹን የሚሸጥለት ግሪክ ነግሮታል፤ ጠርሙሱ ተጋድሞ ቢቀመጥ ቡሹ ርሶ አይደርቅም፣ ጠጁም አይበላሽ። ከድሩ የመጠጥ ነገር በአፉ ማንሳት ስለማይወድ፣ ለአቶ ዓባይነህ ንገሪልኝ ብሎኝ ነበር። ጠጁ ካማረ ሰበታ በሙሉ ግቢውን ይሞላዋል፣ እኔ በርጩማ አጣለሁ።

የሰማሁትን ሳላወራ ያደርኩት በዕድሜዬ እሱን ብቻ ነው።