የእትዬ ገበያነሽ የጾም ወፍጮ

ጥቅምት ሲገባ ደባርቅ ታጥባ የተሰጣች ነጠላ ትመስላለች። ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ገብሱ መቅላት ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆነጥጣል። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ይደገፋል፣ ዱባው ከአጥር ላይ ይወርዳል፣ የጽጌ ማኅበር ይደገሳል። እኔ በዚያ ወራት ያለ ምክንያት ደስ ይለኝ ነበር።

በየሰፈሩ ደግሞ አንድ የጾም ዳኛ አለ። የጾም ዳኛ የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው አልሰፈረበትም ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ዳኛ ክብርት ወይዘሮ ገበያነሽ ነበሩ፤ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። የሚበላ ነገር በአጠገባቸው ሳይመረመር አልፎ አያውቅም። ቤት ሲመጡ መጀመሪያ አፍንጫቸው ይገባል፣ ቀጥሎ እሳቸው፣ ቀጥሎ ጥያቄያቸው፦ «ውስጡ ምን አለ?»

ጽጌ እኮ የፈቃድ ጾም ነው ስንላቸው «ፈቃዴ ነዋ!» ብለው አፋችንን ያዘጉናል። ቤታቸው ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ የድንጋይ ወፍጮው እንኳ ሁለት ነው። አንደኛው ለሁሉም ነገር ነው፤ ሁለተኛዋ ግን ከተልባና ከሱፍ በቀር ምንም የማታውቅ የጾም ወፍጮ ናት። ቅቤ የነካው እጅ እንዳይደርስባት እንደ አራስ ሸፋፍነው ጓዳ ያስቀምጧታል። እኛ በዚህች ወፍጮ ስንት ሳቅ ሳቅን!

አንድ ረቡዕ ከጎንደር አብረን ስንመለስ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድ ጎረምሳ አውቶቡሱ ውስጥ ገባና ብስኩት ከፈተ። እትዬ ከኋላ ተነሥተው ወንበር ወንበሩን እየጨበጡ መጡና ከእጁ ወሰዱበት።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ብስኩት ነው እማማ።»

«ብስኩት መሆኑንማ መች አጣሁት። አንብበው!»

ልጁ ማሸጊያውን ማንበብ ጀመረ፤ ወተት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እትዬ ብስኩቱን ጠቅልለው ኪሱ ውስጥ ከተቱለትና ኪሱን መታ መታ አደረጉት። «ነገ ሐሙስ ነው የኔ ጌታ፤ አይበላሽም።» ዳባት እስክንደርስ የሳቸውን ቆሎ ሲቆረጥም መጣ።

ጎረቤቴ እሌኒ ደግሞ ተራራ ለሚወጡ ፈረንጆች ታበስል ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማይቀምስ እንግዳ መጣ ብላ ብትነግራቸው እትዬ በደስታ የሚሆኑትን አጡ።

«ፋሲካስ?» አሏት።

«በፋሲካም አይቀምስ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ውይ በሞትሁት! ምን ቢያጠፋ ነው ንስሐ አባቱ እንዲህ የጨከኑበት?»

ይህን እያወራን ስንስቅ ነው የትሕትና ነገር የመጣው። ትሕትና የልጅ ልጄ ናት፤ እኔው ጋ ነው ያደገች። ሆዷ እየተነፋ እግሯ እየቀጠነ ሲሄድ ጎንደር ወስደን አስመረመርናት። ሐኪሙ ስንዴና ገብስ በአፏ እንዳይዞር አለን። እንግዲህ ደባርቅ ላይ ገብስ አትብዪ ማለት አትተንፍሺ ማለት ነው። በሶው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ቂጣው ገብስ፣ እንጀራው ሳይቀር ገብስ የገባበት! ጤፍ እየገዛን እናበላት ጀመር፤ ሻል አላት እንጂ ጨርሶ አልተዋትም። የማኅበር ቀን ግን ልጆች ተሰልፈው ዳቦ ሲቀበሉ እሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች።

«እምዬ፣ እኔ ምን ልቀበል?» አለችኝ።

የዘንድሮው ጽጌ ሳያልፍ ከልጆቹ ጋር የምትበላው ነገር ባላዘጋጅላት ብዬ ማልሁ።

እሌኒ ኩኪስ አስተማረችኝ። ስሙ ነው እንጂ ከባድ ነገር አይደለም። የጤፍ ዱቄት፣ ተቀቅሎ የተዳጠ ዱባ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ዝንጅብልና ቀረፋ ነው። በእንቁላሉ ፈንታ ተልባ ይገባል፤ ተወቅጦ በሙቅ ውሃ ሲለወስ ሊጡን አያይዞ ይይዘዋል። በመዳፍ ድብልብል አድርጎ ጠፍጠፍ ማድረግ፣ ዘይት በተቀባ ብረት ድስት መደርደር፣ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም ማድረግ፣ በቃ። ሽታው ገና አጥሩን ሳይሻገር እትዬ ደረሱ። መረመሩ፣ ጾም ነው ብለው ፈረዱ፣ ቀመሱም፤ ትሕትናም ጠግባ በላች።

በማግስቱ ትሕትና ሆዷን ይዛ ተኛች። እኔም ድስቱን ሰቅዬ ተቀመጥሁ። ጤፍም ካልሆናት ከእንግዲህ ምን ልስጣት? እትዬ መጡና የተረፈውን አንሥተው ቆርሰው አሸተቱ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ትናንት ቆጥሬልዎት የለም እንዴ፣ እትዬ!»

«ከጤፉ በፊትስ?»

«ከጤፉ በፊት ምን?»

«ወፍጮው ውስጥ ምን ነበረ ነው የምልሽ! ዶሮ በተሠራበት ድስት ሳታጥቢው ሽሮ ብትሠሪ ጾም ነው ልትዪኝ ነው?»

ጤፉን ያስፈጨሁት ሰው ሁሉ ገብሱን በሚያስፈጭበት ወፍጮ ቤት ነበር። እጄን ይዘው ወፍጮ ቤት ወሰዱኝ። ባለ ወፍጮው ቻላቸው «ምን ልታዘዝ እማማ?» አለ።

«ይኸ ወፍጮህ ዛሬ ምን በላ?»

«ገብስ ነዋ። እዚህ አገር ሌላ ምን ይበላል?»

«እንግዲያው አፉን አጉመጥምጠውና ለልጅቷ ጤፍ ይፍጭላት።»

«ደግሞ ወፍጮም መጾም ጀመረ?» ብሎ ሲስቅ ከቅንድቡ ላይ ዱቄት ረገፈ። እትዬ ጣራውን አዩ፤ የሸረሪት ድሩ ሳይቀር ነጥቷል። ቻላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኸማ ራሱም ገብስ ነው፤ ነይ እንሂድ» አሉኝ።

በማግስቱ ቤታቸው ብሄድ ያች የጾም ወፍጮ ተገልጣለች። ጉልበታቸውን አሟቸው መስገድ የተዉት እትዬ ተንበርክከው፣ በሁለት እጃቸው መጁን ይዘው ጤፍ ይፈጫሉ። ላግዝዎት ብዬ ጠጋ ስል ቀና አሉ።

«ቁርስ ምን በላሽ?»

«በሶ።»

«በይ በሩ ላይ ቁሚ!»

አዲስ ድስት ገዛሁ፤ እሳቸው ሳይመረምሩት ግን እሳት አልነካም። ለጽጌ ማኅበር ትሕትና ኩኪሷን በሳህን ይዛ ከልጆቹ መሀል ቁጭ አለች። ልጆቹ ዳቧቸውን ትተው እሷ ላይ ሰፈሩ፤ እሷም እንደ ትልቅ ሰው ታድላለች። በማግስቱ ገና ከመንቃቷ ሆዷን ዳበስኋት። «ምን ሆንሽ እምዬ?» ብላኝ እየሮጠች ወጣች።

በዚያው ድግስ ላይ አንዲት ሴት ዳቦ ዘርግታላት ነበር። እትዬ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «ውስጡ ምን አለ?» አለች። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ትሕትና አሁን ጎንደር ትማራለች፤ ጉንጯም ሞልቷል። የጾሟ ወፍጮ እኔ ጋ ናት። እትዬ ሰፈሩን ለቀው ሲሄዱ «ገብስ አሳዪያትና!» ብለው በጣታቸው አስፈራርተውኝ ነው የተዉልኝ። ዛሬም የምበላውን ሳነሣ እጄ አፌ ሳይደርስ ቆም ይላል፤ የሚጠይቀኝን ይጠብቃል። እትዬ ገበያነሽ፣ መጨረሻ እንደ ሰማሁት፣ ዳባት ከገበያው በስተጀርባ ከልጃቸው ከክንዴ ጋር ይኖራሉ።