እንደራሴ ቬርሊን ሃውግስታድ የሚያፈሰውን ጣሪያ እንደ ታደጉ

የሃውግስታድ ልጅ ቬርሊን፣ ቀድሞ የቤት ሻጮች አውራ የነበሩት፣ በሚኒሶታ የሕግ ሸንጎ ወንበር በያዙ በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ የሐይቁን ዳር ጭቃ በዋጠበት በወርኃ ሚያዝያ፣ ይህ ገድል ተፈጸመ።

እኒህ ቬርሊን፣ ጠባቡን ክፍል «ምቹ»፣ ጨለማውን «ለዓይን የማይከብድ»፣ የዘመመውን ግድግዳ «ታሪክ ያለው» እያሉ የሚሰይሙ፣ አንደበተ ማር፣ መጋረጃ ገላጭ፣ መብራት አብሪ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲሸጡ ኖረው «ያፈሳል» የምትባል ቃል አንዲት ቀን እንኳ ከአፋቸው ያላወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ቤቱን ከሸጡ በኋላ መሰላል ተሸክመው መጥተው ቀዳዳውን በገዛ እጃቸው ይደፍኑ ነበርና ሕዝቡ ወደዳቸው፣ ወዶም መረጣቸው።

ወበውእቱ መዋዕል በከተማቸው በቬስትሉንድ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተበሳሳ። ሸንጎው ለጥገናው ገንዘብ ካልፈቀደ በመከር በሩ ተቆልፎ መጻሕፍቱ ሁሉ ወደ ሩቅ ከተማ እንዲጋዙ ተወሰነ። ክረምቱን ሌላ መሰብሰቢያ የሌላቸው ሽማግሎች አዘኑ፣ የመጻሕፍቱ ጠባቂ ወይዘሮ ኦርፋም እንባቸውን በመሀረብ አበሱ። በዚህ ጊዜ የሸንጎው ኮሚቴ ቤቱን በዓይኑ ሊያይ እንደሚመጣ ተሰማ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ማርሊስ ትቬት ነበሩ፤ እሳቸውም በቤት ሽያጭ ዘመናቸው ከቬርሊን ጋር ገበያ ሲሻሙ የኖሩ፣ ብልሃታቸውን አንድ በአንድ የሚያውቁ ብርቱ ሴት ናቸው።

እንግዳ ይመጣል የሚል ቃል በሰሙ ጊዜ የቬርሊን የቀድሞ ደም ፈላ፤ እንዲህም ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«የቬስትሉንድ ሰው ሆይ! መጥረጊያ ያለህ ጥረግ፣ ምንጣፍ ያለህ አንጥፍ፣ ባልዲ ያለህ ሰውር! አንድ አምፖል ጠፍቶ እንዳይገኝ!»

ወዲያው ሠራዊቱ ተከተተ፤ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከነመወልወያቸው፣ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ከነመሰላላቸው፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ከነአበባ ማሰሮው፣ በስተኋላም የቬርሊን ባለቤት ወይዘሮ አርዲስ ትኩስ የቀረፋ ዳቦ ተሸክመው ገቡ። ቤቱም እንደ ሙሽራ አማረ።

ወእምዝ ኮሚቴው መጣ፤ አየ፤ አሸተተ፤ ዳቦውንም በላ። ከዚያ ወይዘሮ ማርሊስ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«አንተ ቬርሊን፣ ይሄ እኮ ከኔ ቤት ይሻላል። ምኑ ነው የሚጠገነው?»

የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን ነቅንቀው ካፖርታቸውን መደረብ ጀመሩ። ወይዘሮ ኦርፋ የቬርሊንን ክርን ጎሸም አድርገው፦

«ጉድ አደረጉን! ሸጡን እኮ!» አሉ በሹክሹክታ።

አቤት የዚያች ሰዓት ጭንቅ! ያቺ ቃል ከሆዳቸው ተነሥታ ጉሮሯቸው ላይ ደረሰች፤ የዕድሜ ልክ ልማድ መልሶ ዋጣት፤ ደግማ ወጣች፤ ደግሞ ዋጣት። ኮሚቴው በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ሲያወጣ፣ ቬርሊን ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ አንበሳ አገሡ፦

«ያፈሳል!»

ወይዘሮ ማርሊስ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን አልክ?»

«ያፈሳል፣ ማርሊስ። እንደ ወንፊት ያፈሳል።»

«እስቲ ድገማት! ይቺን ቃል ካንተ አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ጠበቅኩ!»

ቬርሊን አልደገሙም፤ ዘመቱ እንጂ። የሐይቁን ሥዕል ከግድግዳ ቢያወርዱ ጥቁር ሻጋታ ታየ። ምንጣፉን ቢገልጡ የበሰበሰ ጣውላ አፉን ከፈተ። ቁም ሣጥኑን ቢከፍቱ የተሸሸጉት ባልዲዎች እየተንኳኩ በኮሚቴው እግር ሥር ፈሰሱ።

«ምድር ቤቱስ?» አሉ ወይዘሮ ማርሊስ፣ ሳቃቸውን መያዝ እያቃታቸው።

«ዳክዬ ያረባል።»

«ቀረፋውስ?»

«የሻጋታው ሽታ እንዳይታወቅ ነው።»

«እኔም እንደዚሁ ነበር የማደርገው» አሉ ሴትዮዋ፤ ከአንድ ባልዲ ላይ ተቀምጠውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ። የበሰበሰውን ጣውላ በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ ወይዘሮ ኦርፋን አይተው፣ «ይሄማ ሌላ ክረምት አይችልም» አሉ። እዚያው ቆመው ኮሚቴውን ድምፅ አሰጡ፤ አንድ እጅ ሳይቀር ተነሣ። ሸንጎውም አጸደቀ፤ መከር ሳይገባ ቤቱ አዲስ ጣሪያ ለበሰ።

በምረቃው ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። የቬስትሉንድ ሕዝብ ግን በመጻሕፍቱ መካከል ጠብታ ሳይነካው ቆሞ፣ የዝናቡን ነጎድጓድ እንደ መዝሙር አዳመጠ። ምድር ያስገበሩ፣ ባሕር የተሻገሩ ይመስገኑ፤ ቬርሊን ሃውግስታድ ግን በገዛ ምላሳቸው ላይ ዘምተው ድል ነሥተዋልና፣ ስማቸው ከፍ ይበል፣ ራሳቸውም ዝናብ አይንካው!