የበረዶው ጫፍና «በሞቴ ይቅደሙ»

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ። ውሸት! እኔ አምቦ ቁጭ ብዬ የሰሜን ዋልታን በረዶ ስናፍቅ ኖሬያለሁ። የስፖርት መምህር ነኝ፤ ምን ላድርግ፣ ተራራ ካየሁ እግሬን ይበላኛል።

ጉደር ካምፓስ ለዓመታት ያስተማሩ አደ ኢንግሪድ፣ ማለትም ወይዘሮ ኢንግሪድ፣ የሚባሉ ፈረንጅ ነበሩ። የደንዲን ተራራ አብረን እንወጣ ነበር። ጡረታ ወጥተው ለሰሜን ዋልታ ቅርብ ወደሆነው አገራቸው ሲገቡ «አሁን ተራው የኔ ነው፣ ና!» ብለው ጠሩኝ። በባለ ሸራ ጀልባ ሄደን፣ ከባሕሩ ዳር ወርደን፣ በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ልንወጣ! መንገድ መሪም ተቀጥሯል። ደስታውን አልቻልኩትም። አምቦ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው የለም። አጎቴ ኦቦ ቶሎሳማ «ከዚህ አገር የበረዶ ተራራ ጫፍ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው አንተ ልትሆን ነው፤ ጫፉ ላይ የተነሳኸውን ፎቶ ሳትይዝ እንዳትመጣ» ብለው አደራ ጣሉብኝ።

ጀልባው ላይ የሆንኩትን አልነግራችሁም። የጌዶ መንገድ ጠመዝማዛ ያልደፈረው ሆዴ እዚያ ተገለበጠ። የብስ ስንወርድ ግን፣ ወይ ጉድ! ጨለማ የሚባል ነገር የለም፤ ፀሐይዋ መግባት ረስታለች። ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት ከመንሸራተቻው ሥር ሸካራ ጨርቅ ይለጠፍና ሽቅብ ይኬዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ለዚህ ነው!

ጫፉ ሥር ደረስን። ጫፉ ከአንድ ሰው በላይ አያስቆምም። መሪያችን፣ ደመና እየመጣ ነው፣ ገመዱን እኔ እይዛለሁ፣ ቶሎ ቶሎ ተራ በተራ ውጡ አለን። ታዲያ ታላቅ ይቀደማል እንዴ?

«አደ፣ ይቅደሙ።»

«እንግዳ እያለ? አንተ ቅደም።»

«ኧረ በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልህ፣ ቅደም!»

እኔ ክንዳቸውን ይዤ ወደፊት እገፋለሁ፤ እሳቸው የኔን ይዘው ይገፉኛል። መሪው የተጣላን መስሎት ሊገላግለን መጣ። ጉደር ያን ሁሉ ዓመት ኖረው ወጋችንን ጠንቅቀው መማራቸው ለዚህ ቀን ኖሯል!

ደመናው ግን ማንንም «ይለፉ» አላለም። መጣና ጫፉን ዋጠው። መሪው፣ በቃ፣ ተመለሱ አለ። ፎቶዬ! የኦቦ ቶሎሳ አደራ! አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ጀልባው ውስጥ ሻይ ይዘን ስንቀመጥም ንዴቴ አልበርድ አለ።

«ይሉኝታ ጉድ ሠራን አይደል፣ አደ?» አልኳቸው።

መሪው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይተው አረጋገጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የምን ይሉኝታ? ቁልቁሉን ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ! አንተስ?»

እኔማ ጨዋ ልጅ ነኝ። አምቦ ስገባም ያወራሁት ይህንኑ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ኮርተው «ጋላቶሚ፣ ተባረክ የኔ ልጅ፣ ታላቅህን አከበርክ!» ብለው ቆመው መረቁኝ። አሜን ስል ጉልበቴ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር።