የአባቴ ግልባጭ

«አውቶቡስ ተራ ታይቷል አሉ።»

ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ይህን ሰኞ አመሻሽ ላይ ተናገሩ፤ ማክሰኞ ጠዋት ደገሙት፤ ረቡዕ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው እንደ አዲስ ነገር አመጡት። ማን አየው ስላቸው «አሉ» ይላሉ። ማን ነው ያለው ስላቸው «እኔ ምን አውቄ፣ አሉ ነው የምልሽ» ይላሉ። እናቴና እኔ አውቶቡስ ተራውን ሰኞም ማክሰኞም ሄደን አይተነዋል፤ ከረዳቶችና ከሎሚ ሻጮች በቀር ያገኘነው ሰው የለም። ስለዚህ ረቡዕ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «እትዬ፣ ወሬዎን በወረቀት ጽፈው ይስጡኝ፣ እኔ አባዛልዎታለሁ» አልኳቸው። ተቀየሙኝ። ይቀየሙ።

የጠፋው አባቴ ነው፤ አቶ ጥላዬ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ስሜን ከረሳ አራት ወር ሆኖታል፤ «የኔ እመቤት» እያለ ነበር የሚጠራኝ፣ እንደ እንግዳ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዲሱን ፕሪንተር ከካርቶኑ ሳወጣ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር። ቀና ስል በሩ ክፍት ነው፤ እሱ የለም።

ፕሪንተሩን የገዛሁት ለእንጀራዬ ነው። ቤቴ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የዝውውር፣ የአቤቱታ፣ የፍቺ፣ ሰው የሚያመለክተውን ሁሉ። ማንም አላስተማረኝም። ኮምፒውተሩንም፣ የአማርኛ ታይፑንም፣ የፍርድ ቤቱን አጻጻፍም ራሴን ያስተማርኩ ራሴ ነኝ። እስካሁን ግን የጻፍኩትን ለማሳተም ፍላሼን ይዤ መንገድ ተሻግሬ ባህሩ ኮምፒውተር ቤት መሄድ ግድ ነበር። ባህሩ ማሽኑን ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚያስቀምጠው፤ ወረቀት ይቀበላል፣ ገባ ብሎ ወጣ ይላል፣ ወረቀት ይመልሳል። ሙያው እንዳይሰረቅበት ነው። ልገዛ መሆኔን ሲሰማ «መመሪያውን ማን ያነብልሻል?» አለኝ ሰው ፊት።

«አንተ የማታነበውን ሁሉ የማነበው እኔ አይደለሁ?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ደጃፉን አልረገጥኩም።

ከገበያው ሁሉ ርካሹን መረጥኩ፤ ገመድ አልባ፣ ሦስት በአንድ፦ ያትማል፣ ይገለብጣል፣ ስካን ያደርጋል። ከውስጡ የወጣችውን የመመሪያ መጽሐፍ አልገለጥኳትም። ሥዕል ይወዳል ብዬ ለአባቴ ሰጠሁት።

የምኮራበትን ልናገር። ቀለሙን አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ሞላሁ። ሰማያዊው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ከዋይፋዩ ጋር ተያያዘ። ከስልኬ «አፋልጉኝ» ብዬ ከእነዝርዝሩ ላክሁ፦ ቡናማ ኮት፣ ግራጫ ባርኔጣ፣ በቀኝ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። ጥርት ብሎ ወጣ። ፎቶ ብቻ ቀረው። ከመሐል ለፊቱ አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ።

አባቴ ያለው ፎቶ አንድ ነው፤ ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ። እናቴ በመሐረብ ቋጥራ ነው የምታስቀምጠው። በስልኬ እንዳላነሣው ካሜራው ተሰንጥቆ ሰውን ሁሉ ጭጋግ ያደርገዋል። እናቴ መሐረቡን ፈታችና «ቀስ ብለሽ አስተኚው» አለችኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ መስታወቱ ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ ክዳኑን ከደንኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ነጭ ወረቀት ወጣ።

ደገምኩት። ነጭ። ቀለሙን ጠረጠርኩ፤ አጠብኩት። ዋይፋዩን ጠረጠርኩ፤ አጥፍቼ አበራሁት። ነጭ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ነጭ። እናቴ «ባህሩ ጋ ልውሰደው?» አለችኝ፤ «እኔ እያለሁ?» አልኳት። «ታዲያ ማስታወቂያውን እንዳለ ለጥፊዋ» አለች። «ፊት የሌለው ሰው ማን ይፈልግልናል እማዬ? ትንሽ ታገሺኝ፣ ደርሼበታለሁ።»

ሐሙስ በቀትር፣ ማሽኑ ፊት ቁጭ እንዳልኩ፣ ሕልም መጥቶ ወሰደኝ።

በሕልሜ እናቴ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መስኮት ውስጥ ተቀምጣለች። ከውጭ ሹማምንቱ ሁሉ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ይዘው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እናቴ ጥፍሯን ታያለች።

«እናቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተመላለስኩ እኮ» አሏት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ።

«ሲስተም የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«አውቶቡስ ተራ ታይቷል አሉ» አለችና መስኮቱን ዘጋችባቸው።

እኔ ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። ውስጥ ማህተሙ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ሰው ወፍራም፣ ከወገቡ በታች ክብ። አንድ ኃላፊ በእግሩ ያዘና ዘቅዝቆ ራሱን ቀለም ውስጥ ነከረው፤ ወረቀት ላይም አንዴ ጠፍ አደረገው። ኃላፊው ተነሥቶ ከራቫቱን አስተካከለ። ግንባሩ ሐምራዊ ሆኗል።

«ምን ነበር?» አለኝ ማህተሙ።

«አባቴ ጠፍቶብኝ ነው።»

«ዋናውን አምጪ።»

«ዋናው ነው እኮ የጠፋው።»

«እንግዲያው ግልባጩን አምጪ።»

«ግልባጩ ነጭ ሆኖ እየወጣ ተቸገርኩ።»

«ነጭ ከሆነ ቱሪስት ነው፤ ኤምባሲ ሂጂ» አለና ሌላ ኃላፊ በእግሩ ያዘ።

መንገድ ላይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል፤ በገመዱ ጫፍ ቤቱን ይጎትታል። ቤቶቹ ቆርቆሯቸውን እያንኳኩ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። አንዲት ጎጆ ቤት ደክሟት ቆማ ታለከልካለች።

«አባትሽ ገመድ አልባ ነው አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ። የትም ሆኖ ይሠራል አሉ፤ የትም አይገኝም አሉ።»

ወገቤን ብዳስስ የእኔም ገመድ የለም። ለመሮጥ አንድ እግሬን ሳነሣ ጀርባዬ መብራት እንጨት ላይ ተጣብቋል፤ ሙጫው ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል። በየእንጨቱ ላይ ሰው ተለጥፏል። ወረቀቶች በሁለት ማዕዘናቸው እየተራመዱ ያልፋሉ፣ ቆም ብለው ያነቡናል፣ ከንፈር ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱን ወረቀት አወቅሁት፤ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የጻፍኩት የዝውውር ማመልከቻ ነው። «ዝውውር» የሚለውን ቃል አሳስቼ «ዝርውር» ያልኩበት፤ እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር የሚያስደነግጠኝ። ፊቴ ቆመ።

«ይህቺ ልጅ ጠፍታለች?» አለ።

«አልጠፋሁም» አልኩት።

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚሉት» አለና ከሥር የተንጠለጠሉትን ጣቶቼን አየ። እያንዳንዱ ጣቴ ላይ ስልክ ቁጥሬ ተጽፏል። ትንሿን ገንጥሎ ያዘ። አላመመኝም። «ከተገኘች እደውላለሁ» ብሎ ሄደ።

«ማን ጋ ነው የምትደውለው? እኔ እዚህ ነኝ!»

አልዞረም። ከእንጨቱ አናት ላይ እንደ ድምፅ ማጉያ የተንጠለጠሉት እትዬ ደብሪቱ ናቸው፤ አፋቸውን ወደ አራቱም አቅጣጫ እያዞሩ ይጮኻሉ፦

«አውቶቡስ ተራው አቶ ጥላዬ ላይ ታይቷል አሉ!»

«እትዬ፣ ተገልብጦብዎታል!» አልኳቸው።

«አንቺ አይደለሽ የምትገለብጪው!» አሉኝ።

ሙጫው ለቀቀኝና ቤታችን በር ላይ ወደቅሁ። ቤታችን ፕሪንተር ሆኗል። ክዳኑ ጣሪያ ነው፤ የወረቀት ማስገቢያው ደጃፍ ነው፤ ከግንባሩ ላይ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«የይለፍ ቃል?» አለኝ።

ነገርኩት።

«ስህተት ነው። አንድ ዕድል ቀርቶልሻል። መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የማታውቂውን ነገር ሰው ጠይቀሽ የተረዳሽው?»

«ጠይቄ አላውቅም» አልኩት ኮራ ብዬ።

«ትክክል ነው። ግቢ።»

ወለሉ መስታወት ነው። አባቴ መሐል ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከመስታወቱ ሥር ብርሃኑ ይሄዳል፤ ከዳር ደርሶ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል።

«እንኳን መጣሽ ምንታምር» አለኝ።

ስሜን ሲጠራኝ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ እዚህ ነህ? ሦስት ቀን እኮ ፈለግንህ። እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እናትሽ አስተኚው አለች፤ ተኛሁ። ምንም አልል። ብርሃኑ ጀርባዬን ሞቅ እያደረገልኝ ነው።» መመሪያዋን መጽሐፍ ከኪሱ አወጣ። «ሥዕሏ ደግሞ እንዴት ታምራለች። ላንብብልሽ?»

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ አባዬ።»

«አጭር ናት እኮ።»

«መመሪያ አያስፈልገኝም አልኩ! ተነሥ፣ እንሂድ፣ እማዬ እየጠበቀችን ነው።»

መጽሐፏን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰ። አልተቀየመም። ልጅ ሆኜ ያበላሸሁትን ነገር ሁሉ ያይ እንደነበረው አየኝ።

«ልነሣ ወይስ ልዙር?» አለኝ።

«እንዳትዞር! በፊትህ ልትደፋ ነው እንዴ? እማዬ ብትሰማ አትለቀኝም።»

«እሺ» አለ አባቴ። «አንቺ ካልሽ።»

ከላይ ጣሪያው መውረድ ጀመረ። እጁን ያዝኩና ጎተትኩ፤ እጁ ወረቀት ነው፣ ከመዳፌ ሾለከ። ጣሪያው ወረደ፤ ብርሃኑ መጣ፤ ሁሉም ነጭ ሆነ። በነጩ ውስጥ ማሽኑ ክፉኛ ያንኳኳል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ወረቀት ነክሶ እንደሆነ ገባኝ፤ «ቆይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ፤ አሁንም ያንኳኳል።

የሚንኳኳው በሩ ነበር።

ከፈትኩ። አንድ ፖሊስ ቆሟል፤ ከኋላው ባህሩ፣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ከተዋወቅን ጀምሮ ባህሩ እኔ ፊት ኮፍያውን ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም።

«ምንታምር ጥላዬ አንቺ ነሽ?» አለ ፖሊሱ። «ስልክሽ አይሠራም። እዚህ ማዶ ኮምፒውተር ቤት ጠይቄ እሱ ነው ቤቱን ያሳየኝ።»

«አባቴ ተገኘ?»

«እናትሽ አሉ?»

እናቴ ከጓዳ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። ፖሊሱ እሷን እያየ ነው የተናገረው። አውቶቡስ ተራው ጀርባ፣ ጋራዦቹ ጋ ያለው ቦይ ውስጥ ዛሬ ጠዋት አገኙት። በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ትናንት ማታ የወደቀ ይመስላል። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው አካባቢ ሲዞር ነበር፤ ዳቦ ሻጮቹ ሲያበሉት፣ ጋራዥ ውስጥ ሲያሳድሩት ነበር።

«ስምዎ ማነው ሲሉት አያውቅም። የማን እንደሆነ ቢያውቁ ያመጡላችሁ ነበር፤ አንድ ወረቀት እንኳ ተለጥፎ ቢያዩ...» ብሎ ግድግዳው ሥር የተከመረውን ነጭ ወረቀት አየ።

ከዚያ ከፖስታ ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። መመሪያዋ መጽሐፍ ናት፤ ረጥባ ደርቃ ወፍራለች። የዋስትና ካርዱ ከውስጧ አለ፤ ስሜና ስልኬ በራሴ እጅ ተጽፎበታል። «ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች። በሕይወት እያለ ኪሱን ያየ የለም» አለ።

እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ደብሪቱ ተቀበሏት። እኔ መጽሐፏን ይዤ ቆሜያለሁ። አንዱ ገጽ ላይ ጠርዙ ታጥፏል፤ አባቴ ነው ያጠፈው። ሥዕሉ ላይ አንድ እጅ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ፎቶ አለ። አየዋለሁ፣ አይገባኝም።

ባህሩ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ወደ ማሽኑ ሄደ። ክዳኑን ቀስ ብሎ አነሣው። አባቴ መስታወቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባህሩ እሱን አየ፤ ነጩን ክምር አየ፤ እኔን አየኝ።

«ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው» አለ በለሆሳስ። «ፎቶው።»