ኮሚቴው አሰልጣኝ ሱዓድን እንዴት እንዳሰናበታት

ልጆቼ፣ እያንዳንዱ ከተማ የሚታወቅበት ነገር አለው። አንዱ በገበያው ይታወቃል፣ አንዱ በፍልውሃው፣ አንዱ በማሩ። የእኛ ከሚሴ ግን፣ አላህ ከዓይን ያውጣት፣ የምትታወቀው በደጋፊ ነው። ሌላው አገር ተጫዋች አፈራሁ ብሎ ይኮራል። ተጫዋች ምንድን ነው? ያረጃል፣ ይሰበራል፣ ተመርቆ ይሄዳል። ደጋፊ ግን አይመረቅም፣ አይደክምም፤ ኳስ ስለማይነካም አይሳሳትም።

በከተማችን ያለው ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን አለው። የምታሰለጥነው ሱዓድ የምትባል የስፖርት መምህርት ናት። እነዚያን ከማሽላ ማሳ ወጥተው የመጡ ልጆች ኳስ እንዴት እንደሚነጠር፣ እንዴት ተዘሎ እንደሚታረፍ አንድ በአንድ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ይህ ግን ትንሽ ነገር ስለሆነ እንለፈው። ዋናው ኮሚቴው ነው።

ኮሚቴው «የኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ቡድን ደጋፊዎች አስተባባሪና አቅጣጫ አስቀማጭ ኮሚቴ» ይባላል። ሊቀመንበሩ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚነግደው ከማል ነው። ጸሐፊው ሙኽታር ነው፤ አንድ ጊዜ ደሴ ለስልጠና ሄዶ ከመጣ ወዲህ «ከዚህ አንጻር» ሳይል ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ሦስተኛው እኔ እንድሪስ ነኝ፤ ነጭ ጺም ያስፈልጋል ተብሎ ነው የገባሁት። ሦስታችንም ቅርጫት ኳስ ተጫውተን አናውቅም። ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ብለን ነው።

ዘንድሮ የኮሌጆች ውድድር በእኛ ሜዳ ሆነ። መጀመሪያ የደረሰችን ከወደ ቆላ የመጣች ትንሽ ኮሌጅ ነበረች፤ ስሟን ለመያዝ እንኳ አልተቸገርንላትም። ልጆቿ በአይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭነው ነው የመጡት። ካልሲያቸው አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። ከማል አዘነላቸውና ውሃ ገዝቶ ሰጣቸው። ሱዓድንም ጠጋ ብሎ፣ «እንግዶች ናቸው፣ ብዙ አታዋርጃቸው» ብሎ መከራት።

ከዚያ አሸነፉን።

መጨረሻ ላይ አንዱ ባለ ቀይ ካልሲ ከሩቅ ወረወራት፤ ኳሷ መንገድ እንደምታውቅ ሁሉ ቀጥ ብላ ሄዳ መረቡ ውስጥ ገባች። አዛን እስኪል ድረስ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው አላየሁም።

የሽንፈቱን ነገር ልንገራችሁ። ኢሳ የሚባል ረጅም ልጅ አለን፤ ከቆመበት እጁን ቢሰድ ቅርጫቱን የሚነካ የሚመስል። ከእረፍት በኋላ ሱዓድ ስታየው ዘሎ የሚያርፈው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። አስወጣችው፣ ጫማውን አስወለቀችው፣ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ አገኘችው። ከጁስ ቤት በረዶ አስመጥታ አሰረችለት። እሷ እግሩን ስታይ እኛ ከደጋፊ ደረጃ ላይ ሆነን ቁመቱን ነበር የምናየው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው በከማል መጋዘን ጓዳ ውስጥ ለግምገማ ተቀመጠ። ጫቱ ተቀረጠፈ፣ ምርቃናው መጣ። ያቺን ሰዓት የቀመሰ ያውቃታል፤ ሰው የማያውቀው ነገር የማይኖርባት ሰዓት ናት።

«ከዚህ አንጻር» አለ ሙኽታር፣ «ሽንፈቱ የተጫዋች አይደለም። የደጋፊም አይደለም። እንግዲህ የማን ነው?»

«የአሰልጣኟ!» አልን።

«ልብ በሉ፣ እኔ አላልኩም። ከቤቱ የመጣ ሐሳብ ነው።»

«ሰው ኢሳን ያስወጣል?» አለ ከማል እጁን እያጨበጨበ። «ወላሂ እኔ በቦታዋ ብሆን…»

«እግሩን አሞት ነበር አሉ» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«አያ እንድሪስ፣ ቅርጫቱ የተሰቀለው ላይ ነው ታች?»

«ላይ ነው።»

«ታዲያ እግር ምን ሊያደርግ ነው?»

እውቀት እንዲህ ነው፣ ልጆቼ፤ ሲመጣ አፍ ያስይዛል።

ሱዓድ ትሰናበት ተባለ። የኮሌጁ ዲን ሰላም የሚወድ ሰው ነው፤ ስንጠይቀው፣ «እኔ አላባርራትም። እሷ ራሷ በቃኝ ካለች ግን ስቶር ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ የሚጠብቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለን። ሱዓድ ደግሞ ከዚያ ሜዳ ሌላ የምትፈልገው ነገር የላትም። ጋብቻ ሲመጣላት እንኳ መጀመሪያ የምትጠይቀው፣ «ከልምምድ ሰዓት ጋር አይጋጭም?» ብላ ነው ይባላል። ስለዚህ በቃኝ እንድትል ሽማግሌ ይላክባት ተባለ። በእኛ አገር ሰው በደብዳቤ አይሰናበትም፤ ነውር ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ከተላከ ለስንብትም ይላካል።

ሦስታችን ነጭ በነጭ ለብሰን ወደ አባቷ ወደ አያ አብደላ ቤት ሄድን። ደጅ ድረስ ወጥተው፣ «አካም ጅርቱ! እንዴት ናችሁ! አህለን!» እያሉ ተቀበሉን። ከማል ጉሮሮውን ጠረገና «የመጣንበት ጉዳይ…» ሲል ሱዓድ የሠራችውን ጭኮ ይዛ ቀረበች። ገብሱ በቅቤ ርሶ፣ ርሶ፣ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ሊያመልጥ ደርሷል። እርጎም በጎኑ።

«ኛዳ! ብሉ እንጂ! ጉዳይ የትም አይሄድም» አሉ አያ አብደላ።

በላን። በደንብ በላን። እናንተም እንደምታውቁት ቤት ገብቶ የበላ ሰው ዱዓ ሳያደርግ አይነሳም። በዕድሜ ታላቁ እኔ ነኝና እጄን ዘረጋሁ። የጠገበ ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ አፉን የሚመራው ሆዱ ነው።

«ያ ረቢ! ይህን ቤት አታጉድለው! የዚህችን ልጅ እጅ ባርከው! ከያዘችው ሥራ ማንም አይንቀላት! ሊነቅላት የሚመጣውን አሳፍርላት!»

«አሚን!» አለ ከማል ከልቡ፣ ጺሙ በቅቤ እንደራሰ።

«አሚን!» አለ ሙኽታር።

ሱዓድ በሩ ሥር ቆማ ነበር። «አሚን» አለች ቀስ ብላ።

የነቃነው አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ነው።

«ሊነቅላት የሚመጣው ያልከው… ማን ነው?» አለ ሙኽታር።



«ሻረው፣ አያ እንድሪስ!» አለ ከማል።

«ምርቃት እንዴት ይሻራል?»

«ማሻሻያ እናስገባበት እንጂ» አለ ሙኽታር።

«ወጥቷል እኮ፣ ልጄ። አሁን ያለው አላህ ዘንድ ነው። ለማን ነው ማሻሻያ የምታስገባው?»

ኮሚቴው ግን ተስፋ የሚቆርጥ ኮሚቴ አይደለም። የመጀመሪያው ልዑክ ክፍተቱ መብላቱ መሆኑ ተለየ። ሁለተኛው ልዑክ ምንም ሳይቀምስ እንዲመለስ አቅጣጫ ተቀመጠ። የማስፈጸም አቅማችንን ለመገንባትም መጀመሪያ ሥጋ ቤት ገብተን ጥብስ በላን።

አያ አብደላ አሁንም ደጅ ድረስ ወጡ። አሁንም ጭኮው መጣ።

«ጠግበናል» አለ ከማል።

«ትንሽ ቅመሱ።»

«አይ፣ አንነካም» አለ ሙኽታር። «አቅጣጫ አለብን።»

የአያ አብደላ ፊት ጠቆረ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ዘንድ ቤት ገብቶ እህል አልነካም የሚል ደም ያለበት ሰው ብቻ ነው።

«በመካከላችን ደም አለ እንዴ?» አሉ።

«አስተግፊሩላህ! ምን ደም አለ!»

«እንግዲያው ልጄ የሠራችው ነው የቆሸሸባችሁ?»

ሦስታችንም አንገታችንን ደፋን። አያ አብደላ ዱላቸውን አነሱና የገዛ ቤታቸውን ለእኛ ጥለውልን ወጡ። ጭኮው መካከላችን ቀረ። ሽታው፣ ልጆቼ!

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሽማግሌ ሆነን የወጣን ሰዎች ሽማግሌ ተቀመጠብን። ሙክት አርዳችሁ ካሱ ተባልን፤ ካስን። አስታራቂዎቹ እንደ ደንቡ ተበዳዩን «ምን ቢደረግልህ ትታረቃለህ?» ብለው ጠየቁ።

«የተነካችው ልጄ ናት፣ እሷ ትናገር» አሉ አያ አብደላ።

ሱዓድ ሻሿን አስተካከለች። «ካሣ አልፈልግም። በሚቀጥለው ጨዋታ ከማል በእኔ ወንበር ይቀመጥ፣ እኔ በእሱ ቦታ እቀመጣለሁ። አንድ ጨዋታ ብቻ።»

የኮሚቴውን ደስታ በምን ልንገራችሁ! ስንለምነው የነበረውን እዳ አድርጋ ጫነችብን። ከማል በዚያው ቀን ቱታ ገዛ፣ በቀይ ክር የተንጠለጠለ ፊሽካ ገዛ። ሙኽታር «ታሪካዊ የአመራር ሽግግር» አለው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችው ሱዓድ። «ኢሳን አታስገባው። እግሩ ገና ነው።»

ከማል ፈገግ አለ፤ ስለ ሲሚንቶ የማያውቅ ገዢ ሲከራከረው የሚያሳየውን ፈገግታ።

በጨዋታው ቀን የገጠመን ዘንድሮ ማንንም አሸንፎ የማያውቅ ቡድን ነበር። ከማል ልጆቹን ሰብስቦ ንግግር አደረገ።

«ልጆች፣ ዋናው ነገር ማሸነፍ ነው። እንዴት ነው የሚያሸንፉት? በማግባት። ማን ነው የሚያገባው? ሁላችሁም። ግልጽ ነው?»

«መከላከሉስ?» አለ አንደኛው ልጅ።

«በማግባት ሥራ ላይ እያለን የምን መከላከል ነው?» አለና የመጀመሪያውን ተሰላፊ ጠራ። «ኢሳ!»

ኢሳ ቀና ብሎ ወደ ሱዓድ አየ። እሷ ከእኔና ከሙኽታር መካከል ተቀምጣለች። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን የሚታዘዘው ለወንበሩ ነውና ገባ።

ገና እረፍት ሳይደርስ በነጥብ እጥፍ ተበለጥን። ኢሳ ሲዘል ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። ሱዓድ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«አስወጣው! ከማል! ኢሳን አስወጣው!»

ደረጃው ሁሉ ድምፅ የሚጠብቅ ነበርና ተነሳ። ገሚሱ «አስወጣው!» አለ፣ ገሚሱ «እንዳታስወጣው!»፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ «ከማልን አስወጡልን!» አሉ። ከማል ዞር ብሎ ወደ ላይ አየን። ያን ሁሉ ዓመት ከላይ ሆኖ የለቀቀውን ድምፅ ከታች ሆኖ ሲሰማው የመጀመሪያው ነው። ላቡ በቱታው ላይ ወረደ።

«ዝም በሉ! ማሰብ አልቻልኩም!» ብሎ ጮኸ።

ኢሳ ዘለለ፣ አረፈ፣ ወደቀ።

ያን ጊዜ ነው ደረጃው ዝም ያለው። ሱዓድ በሰው ትከሻ ላይ እየተረማመደች ወርዳ፣ አጠገቡ ከቆመው ከከማል ቀድማ ደረሰች። ጫማውን ፈታች፣ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ኮች፣ ይቅርታ» አለ ኢሳ፤ ለከማል ሳይሆን ለእሷ።

«አንተ ምን አጠፋህ፣ ወንድምዓለም። አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን በዚህ ውድድር ከእንግዲህ ሜዳ አትረግጥም።»

ተሸነፍን። ያ ማንንም አሸንፎ የማያውቅ ቡድን ሜዳው ላይ እየተንከባለለ በደስታ ሲያለቅስ አየነው። የቀረን አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው ሳይውል ሳያድር ተሰበሰበ። ከማል አንገቱ ላይ ፎጣ ጥሎ ከጥግ ተቀመጠ። ሙኽታር ሪፖርቱን አቀረበ።

«ከዚህ አንጻር፣ ሽንፈቱ የአሰልጣኝ አይደለም።»

«አይደለም!» አለ ከማል ቶሎ ብሎ።

«የተጫዋችም አይደለም። የኮሚቴውም አይደለም። ነገር ግን በደጋፊ መካከል ተቀምጣ በመጮኽ የአሰልጣኙን ትኩረት የበተነች አንዲት ደጋፊ መኖሯ ተደርሶበታል።»

«ያለችው እኮ ልክ ነበር» አልኩ።

«አያ እንድሪስ፣ ልክ መሆን ሌላ፣ ሥርዓት ሌላ!»

ሱዓድ ተጠራች። መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስቶሩ ውስጥ ወንበር ስትቆጥር ታየችኝ።

«ከዚህ በፊት ቅርጫት ኳስ ደግፈሽ ታውቂያለሽ?» አላት ሙኽታር።

«አላውቅም። ተጫውቼና አሰልጥኜ ብቻ ነው የማውቀው።»

ሙኽታር ወደ እኛ ዞረ። «ሰማችሁ? ልምድ የላትም!»

«ፈጽሞ የላትም» አለ ከማል፣ አንገቱ ላይ ያለውን ፎጣ እያወረደ። «እኔ ያን ወንበር አይቼዋለሁ። ደጋፊ የሚሆን ሰው አይቀመጥበትም።»

ብዙ ከተመከረበት በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ሱዓድ ለደጋፊነት የሚያበቃ የኳስ እውቀት የሌላት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከደጋፊ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ ታግዳ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ አሰልጣኝነቷ እንድትወርድ።

ሱዓድ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ከፍ አድርጋ ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ከማል ያለቀሰች መስሎት አዘነላት።

«ከባድ ውሳኔ ነው» አለች ድምፅዋ ሲረጋላት። «ግን ተቀብያለሁ።»

ከማል ተነስቶ በአባት ወግ ተጠጋት። «አይዞሽ» አላት፤ «እዚያ ታች ሆነሽ እኛን ደህና አድርገሽ ከሰማሽ፣ አንድ ቀን ደጋፊ ትሆኛለሽ።»