ስምንት ወርና አንድ ፈረስ

በገዛ ፈቃዱ ጫካ የሚገባ የከተማ ሰው ሁሉ ከአንድ ሰው እየሸሸ ነው። ብትጠይቁት "ንጹሕ አየር ፈልጌ" ይላችኋል፤ አትመኑት። ንጹሕ አየር የፈለገ ሰው መስኮት ይከፍታል። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ተራራ የወጣሁት ሸሽቼ ነው። ችግሩ... የሸሸኋት ሴትዮ አውቶቡሱ ውስጥ ቀድማኝ ተቀምጣ መገኘቷ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አስካለና እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተፋጠን ሠርተናል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሴቶች ቀን ሲከበር ድፎ ዳቦ ቀረበ። ዳቦ የሚቆርሰው በዕድሜ የገፋ ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ አስካለ ክንዴን ይዛ ወደ ፊት ገፋችኝና "እናታችን ትቁረስልን" አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ቢላዋውን ተቀብዬ ቆረስኩ፤ ምን ላድርግ? ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው "እናታችን ደኅና አደሩ?" ሆነ ሰላምታዬ።

አሁን ስሙኝ። እኔ የሠራተኛ ማኅደር ክፍል ነበርኩ። የአስካለ ማኅደር በእጄ ነው ያለፈው። ስምንት ወር ትበልጠኛለች! ምስጢር ጠባቂ ስለሆንኩ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ዛሬም የምናገረው ለእናንተ ብቻ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ራሷ በገዛ አፏ፣ በሰው ፊት፣ "እበልጣታለሁ" እንድትል። እስክትል ድረስ ላላናግራት ማልኩ። እሷም ኩርፊያዬን በኩርፊያ መለሰች። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ የምንነጋገረው በተላላኪያችን በኩል ነበር። "ለዚያች ሴትዮ ደብዳቤው አልተፈረመም በያት" እላለሁ። "ለዚያች ሴትዮ ትናንት ተፈርሟል በያት" ይመጣል። በሁለታችን ጠረጴዛ መካከል ያለው ርቀት ሁለት እርምጃ አይሞላም። ተላላኪዋ በስተመጨረሻ ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

የእግር ጉዞው የልጄ ሐሳብ ነው። ሰሚት ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ጉልበቴ ዛገ ብላ ሳትነግረኝ ስሜን አስመዘገበች። "እማዬ፣ እዚያ የሚያውቅሽ ሰው የለም" ስትለኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። እናታችን የማልባልበት ቦታ! በጠዋት ተነሥቼ ቦሌ ደረስኩ፣ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ... ባርኔጣ ያደረገች አስካለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንገቴን ወደ መስኮቱ ጠምዝዤ ተጓዝኩ። አንገቴ እስከ ዛሬ ወደ ግራ አይዞርም።

የደኑን ስም አልነግራችሁም፤ የሆነው እዚያው ይቅር። ከመውረዳችን፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች መሪያችን ሁለት ሁለት ሆነን እንደምንሄድ፣ ጓደኛውን ጥሎ የመጣ ደግሞ አውቶቡስ እንደማይሳፈር አስጠነቀቀች። ወጣቶቹ ተጣመሩ። ከዚያ ልጅቷ ወደ እኔና ወደ አስካለ ዞራ፣ በጣም በትሕትና፣ "እናቶች፣ እናንተ አብራችሁ ቀስ እያላችሁ ትመጣላችሁ" አለች። ቢያንስ ዛሬ ሁለታችንንም ነው ብዬ ተጽናናሁ።

አስካለ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ጀመርን። መንገዱን የሚያሳዩት ዛፍ ላይ የተቀቡ ቀይ ቀስቶች ናቸው። ወጣቶቹ ወዲያው ከዓይን ጠፉ። አንድ የወደቀ ጽድ ጋ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ያመለክታል፤ አስካለ ወደ ግራ ታጠፈች።

አየሁ። በደንብ አየሁ። ግን "አስካለ፣ ወደ ቀኝ ነው" ለማለት አፍ መክፈት ያስፈልጋል። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁትን ኩርፊያ ለአንድ ቀስት ልሽጠው? ጥያት እንዳልሄድ ደግሞ አውቶቡሱ አለ። ስለዚህ፣ እናንተ ብልህ የምትሏት ይቺ ሴት፣ እያወቀች ተከትላ ጠፋች።

አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። መንገዱ ጠበበ፣ ከዚያ የፍየል መንገድ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ መንገድ መሆኑን ተወ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ስንደርስ ቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ተቀምጧል። ነጭ ካባውን አንዠርግጎ፣ ልክ ጉዳይ እንደሚሰማ ዳኛ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ቀና ብዬ፣

"አንተ፣ ለዚያች ባለ ባርኔጣ ሴትዮ ቀስቱ ወደ ቀኝ ነበር በላት" አልኩት።

አስካለ ወደ እኔ አልዞረችም። እሷም ወደ ጉሬዛው ቀና አለች።

"ለዚያች ከኋላዬ ለምታለከልከው፣ ገና ስታጠፍ አይቼዋለሁ በላት። እስክትናገር እየጠበቅኋት ነው።"

ጉሬዛው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና ወደ ሌላ ዛፍ ዘለለ። እሱም ዝውውር ጠየቀ።

በመጣንበት ስንመለስ ጭቃው ላይ ተንሸራትቼ በቂጤ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ወዲያው አበጠ። ትንሽ እንደሄድን የአስካለ አዲስ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ እንደ አዞ አፉን ከፈተ። ሁለታችንም ግንድ ላይ ተቀመጥን፤ በመካከላችን ለሦስተኛ ሰው የሚሆን ቦታ ትተን። እየመሸ አልነበረም፣ አውሬም አላየንም፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ግንድ ላይ ከአስካለ ጋር ተኮራርፌ እንዳልሞት ፈራሁ። በቀብሬ ላይ ተነሥታ "እናታችን" ብላ ንግግር ታደርጋለቻ!

በዚህ መሐል አንድ ገበሬ ፈረስ እየሳበ ብቅ አለ። መሪያችን አፈላልግ ብላ ልካው ነው።

"ሁለት ባልቴቶች ጠፉ የተባሉት እናንተ ናችሁ?" አለ።

 መልስ አልጠበቀም። ጉልበቴን አየ፣ የአስካለን ጫማ አየ፣ ፈረሱን አየና ፍርዱን ሰጠ፦

"ፈረሱ አንድ ነው። ታላቂቱ ትቀመጥ፣ ታናሺቱ ጅራቱን ይዛ ትከተል። ታላቂቱ ማን ናት?"

ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ጉልበቴ ግን አላማከረኝም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እናት ነኝ። ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነበርኩ። ይቺ ራሷ ምስክሬ ናት።"

አስካለ ከግንዱ ተነሣች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"አንቺ ሴት፣ እግዜርን ፍሪ። ስምንት ወር አልበልጥሽም? ማኅደሬ በእጅሽ አይደል ያለፈው?"

አለች! በገዛ አፏ፣ በሰው ፊት፣ ከነወሩ! እልል ልል አፌን ስከፍት ሰውዬው አስካለን አቅፎ ኮርቻው ላይ አስቀምጧት አገኘሁ።

ቁልቁለቱን እሷ በፈረስ፣ እኔ በጅራት ወረድን። የፈረስ ጅራት ይዞ መሄድ ምን እንደሚመስል ዝርዝሩን አልነግራችሁም፤ ፈረሱም ሆዱ ደኅና አልነበረም። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ፣ ወጣቶቹም ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ሊቀርጹን ሲሰለፉ፣ አስካለ ባርኔጣዋን አስተካከለችና ከላይ ወደ ታች አየችኝ።

"ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ልጄ" አለችኝ።

"እሺ፣ እናታችን" አልኳት።